ከክብሪቱ በፊት ትንፋሹን
ራሱን የሳተ ሰው በአገራችንና በዓለም እንዴት ሲታይ እንደኖረ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የሐምሌ ጠዋት፣ ከማኅበራችን መሥራች አባላት አንዷ ሸቀጧን አዝላ ወደ መርካቶ ስታልፍ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ወደቀች። ከኋላዋ የነበርነው ሦስት ሴቶች ደረስንላት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዛሬም አንረሳውም። አንዷ ክብሪት ጭራ ጭሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። አንዷ ከዘንቢሏ ሎሚ አውጥታ አሸተተቻት። አንድ ጎረምሳ በላስቲክ ጠርሙስ የያዘውን ውሃ ፊቷ ላይ ደፋው። አንዲት እናት በአቅራቢያው ካለ ሻይ ቤት ስኳር በጥብጣ አምጥታ በማንኪያ አፏ ውስጥ አደረገችላት። ሰዉ ከበባት። "አየር ስጧት!" የሚለው ብዙ ነበር፤ ራቅ ብሎ አየር የሚሰጣት ግን አልነበረም። በመጨረሻ ላዳ ታክሲ ተገኘና ከኋላ ወንበር ላይ አጣጥፈን አስገባናት።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ነርሷ ሦስት ጥያቄ ጠየቀችን። ስንት ሰዓት ላይ ወደቀች? ስትጠሯት ትመልስ ነበር? ትንፋሿ እንዴት ነበር? አንዱንም መመለስ አልቻልንም። ስንት ዓመት አብረናት ቡና የጠጣን፣ ልጆቿን አዝለን ያሳደግን ሰዎች፣ ያን ሁሉ ነገር ስናደርግ ትንፋሿን አላየንም።

እህታችን በሦስተኛው ቀን አረፈች። ሐኪሞቹ በአንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ እንደነበር ነገሩን። በማንኪያ የሰጠናት ስኳር ጎድቷት እንደሆነ አልነገሩንም፤ እኛም ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘንም።

ይህን የምንጽፈው ራሳችንን ለመውቀስ አይደለም። ከለቅሶው በኋላ፣ በማኅበራችን የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ስንወስድ፣ አንድ ነገር ገባን። ያን ቀን ያደረግነው እያንዳንዱ ነገር ታሪክ አለው። ክብሪቱም፣ ሎሚውም፣ ውሃውም ከሰው ፍቅር የመጡ ናቸው። ግን ሌላም ታሪክ አለ፤ የዓለም ሐኪሞችና ተራ ሰዎች፣ የአገራችን ሴቶችም ጭምር፣ ለወደቀ ሰው ምን እንደሚቀድም ቀስ በቀስ የተማሩበት ታሪክ። ለአባሎቻችንና ለደጋፊዎቻችን ሁለቱንም አንድ ላይ ልንነግራችሁ ፈለግን።

ድልድዩና የሚያልፍበት ሰው

ድልድዩ ስሙን ያገኘው ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው። አባ መላ የሚባሉት ፊታውራሪ፣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1919 ዓ.ም እስኪሞቱም ድረስ በአገሩ ጉዳይ ትልቅ ቃል ነበራቸው። በዚያ ዘመን የከተማው ዋና ገበያ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያን ከተማውን በያዘበት ጊዜ ያገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወረው። ስሙም ገበያ ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ቀረልን።

ከዚያ ወዲህ በአሮጌው ገበያና በአዲሱ ገበያ መካከል የሚመላለስ ሰው ሁሉ በእኛ ድልድይ ያልፋል። በርበሬ ተራ የሚወርድ ነጋዴ፣ ምናለሽ ተራ የምትሠራ እህት፣ ወደ አውቶቡስ ተራ የሚቸኩል መንገደኛ፣ ጆንያ በጀርባው የተሸከመ ወጣት ያልፋል። ቁርስ ያልበላ አለ፣ ጾመኛ አለ፣ ነፍሰ ጡር አለች፣ የስኳር መድኃኒቷን ወስዳ ምሳዋን ያሳለፈች አለች፣ የሚጥል በሽታውን ደብቆ የሚሠራ አለ። ሰው የሚበዛበት ቦታ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ነው። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም።

"ነፍስ አለው?"

አማርኛችን ራሱን ለሳተ ሰው ብዙ ቃል አለው። ራሱን ሳተ፣ ልቡን ሳተ፣ ጣለው፣ ተለከፈ እንላለን። በነዚህ ቃላት ውስጥ የመድኃኒቱም ሐሳብ አለ። ሰውየው የሆነ ቦታ ሄዷልና ይጠራ፣ ይቀስቀስ፣ የያዘው ነገር ይልቀቀው የሚል ነው። ክብሪት መጫሩ፣ ሎሚ ወይም ሽንኩርት ማሽተቱ፣ ቀዝቃዛ ውሃ መርጨቱ ሁሉም የቀስቃሽ ሥራ ናቸው።

ለምን ይህን ያህል ዘመን ዘለቁ? የሠሩ ስለሚመስሉ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጥል በሽታ ሰውን የሚያንቀጠቅጠው ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በራሱ ይቆማል። ክብሪት ተፈልጎ፣ ተጭሮ፣ አፍንጫው ዘንድ እስኪደርስም ይህንኑ ያህል ጊዜ ይፈጃል። ሰውየው ሲረጋጋ ምስጋናው ለክብሪቱ ይሆናል። በረሃብ ወይም በሙቀት ተዝለፍልፎ የወደቀ ሰውም እንዲሁ ነው። መሬት ላይ ሲጋደም ደሙ ወደ አንጎሉ ይመለስና ይነቃል፤ ምስጋናውን ውሃው ይወስዳል። ያልነቁት ደግሞ "ቀኗ ደርሶ ነው" ተብለው ይቀበራሉ። ማንም ሒሳቡን አይዝም።

ነገር ግን ቋንቋችን አንድ ትልቅ ነገር ጠብቆልናል። የወደቀ ሰው ዘንድ ስንሮጥ ከሁሉ በፊት ከአፋችን የሚወጣው "ነፍስ አለው?" የሚለው ነው። ነፍስ፣ ነፋስ፣ ትንፋሽ፣ እስትንፋስ የአንድ ሥር ቃላት ናቸው። እናቶቻችን "ነፍስ አለው?" ሲሉ "ይተነፍሳል?" ማለታቸውም ነበር። ትክክለኛው ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ በእጃችን ነው። ጥፋታችን ጥያቄውን ጠይቀን መልሱን ሳናይ ወደ ክብሪቱ መሄዳችን ነው።

ጭሱ የኛ ብቻ አልነበረም

በሥልጠናው ላይ አንዳንዶቻችን አፍረን ነበር፤ ይህ ሁሉ የኛ ኋላ ቀርነት መስሎን ነው። ታሪኩን ስናነብ ግን ሌላውም ዓለም በዚሁ መንገድ እንደሄደ አየን። በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ከተማ፣ ሰው በቦይ ውሃ ውስጥ እየወደቀ ይሞት ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1767 ውሃ የበላቸውን ሰዎች የሚያድን ማኅበር ተቋቋመ። በዓለም ላይ ከመጀመሪያዎቹ የዚህ ዓይነት ማኅበሮች አንዱ ነው። ከሚመክራቸው ሕክምናዎች አንዱ የትምባሆ ጭስ ወደ ሰውየው ሰውነት መንፋት ነበር፤ ያውም በአፍ በኩል ሳይሆን ከኋላ በኩል! በዚያ ዘመን ውሃ የጠጣውን ሰው በበርሜል ላይ አስተኝተው የሚያንከባልሉ ሰዎችም ነበሩ። የአውሮፓ ወይዛዝርት ደግሞ ሲዝለፈለፉ የሚያሸቱት፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ ጨው በትንሽ ብልቃጥ ይይዙ ነበር። ያ ብልቃጥና የኛ ክብሪት ወንድማማች ናቸው።

ያም ማኅበር ቢሆን ጥሩ ነገር ነበረው። የወደቀ ሰው የሁሉም ሰው ኃላፊነት እንደሆነ ተናገረ፤ ያዳነውን ሰው ሸለመ፤ በአፍ ትንፋሽ መስጠትንም መከረ። ትንፋሹ እንደሚሠራ በርግጥ ለማወቅ ግን ወደ ሁለት መቶ ዓመት ወሰደ።

ከዓድዋ እስከ ማይጨው

በአገራችን የቆሰለን ሰው በሥርዓት የመርዳት ዘመናዊ ታሪክ ከዓድዋ ጋር የተያያዘ ነው። በ1888 ዓ.ም በተደረገው ጦርነት እቴጌ ጣይቱ ሴቶችን አሰልፈው ለተዋጊው ውሃ እንዲያደርሱ አድርገዋል። ከድሉ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ መጥተው ቁስለኞችን አከሙ። ያ ሥራ ለምኒልክ ሆስፒታል መሠረት ሆነ። እስከዚያ ድረስም ከዚያም በኋላ ብዙው ሕዝብ የታመመውን የሚያደርሰው በቃሬዛ ነበር። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ትከሻ እየተቀባበለ፣ ተራራ እየወጣ እየወረደ ይሸከማል። በብዙ የገጠር ቀበሌ ዛሬም እንዲሁ ነው። እኛ ያን ቀን ላዳ ውስጥ እህታችንን ያጣጠፍናት ሰዎች፣ ቃሬዛው ከላዳው የተሻለ እንደነበረ የተረዳነው ዘግይተን ነው። ቃሬዛ ሰውን አያጣጥፍም።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም ነው። ሦስት ወር ሳይሞላው፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም፣ የጣሊያን ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። በዚያው ሰሞን የአዲስ አበባ ሴቶች በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት በሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር ተሰባሰቡ። ልዕልት ፀሐይ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ በሥራው ፊት ቆሙ። ሴቶቹ ፋሻ ጠቀለሉ፣ ልብስ ሰፉ፣ የመርዝ ጋዝ ሲመጣ ደግሞ ከጨርቅ የተሠራ የአፍና የአፍንጫ መከለያ አዘጋጁ። በመርዝ ጭስ ለተመታ ወታደር የሚቀድመው ነገር ትንፋሹ መሆኑን እነዚያ ሴቶች በእጃቸው ሥራ ያውቁ ነበር። በቁጠባ ደብተራችንና በእድራችን የምንኮራ እኛ፣ እንዲህ ያሉ እናቶች ከእኛ በፊት በዚችው ከተማ እንደተሰበሰቡ ማወቅ አለብን።

ከዚያ ዘመን አንድ ሐዘን ደግሞ ትምህርት ትቶልናል። ጆን ሜሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የብሪታንያን የአምቡላንስ ቡድን እየመራ መጥቶ በጦር ሜዳ ቁስለኛ ሲያክም ቆየ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም ከተማውን ለቀው ሲሄዱ አዲስ አበባ ተዘረፈች፤ መንገዱ በተኩስና በእሳት ተሞላ። ሜሊ በማግስቱ ከመንገድ ላይ ቁስለኛ ሲያነሣ በጥይት ተመታ፤ ጣሊያኖች ከተማውን በያዙበት ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ አረፈ። የመጀመሪያ ዕርዳታ አሠልጣኞች ዛሬ "መጀመሪያ አካባቢውን ተመልከቱ" ሲሉ ትእዛዙ ከባዶ የመጣ አይደለም። ለወደቀው ብለው የወደቁ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ልዕልት ፀሐይ በስደት ለንደን ሳሉ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ተመረቁ። የንጉሥ ልጅ ሆነው የታመመ ሕፃን ገላ አጠቡ፣ ትንፋሽና የልብ ምት ቆጠሩ። ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ነገር ግን በ1934 ዓ.ም ክረምት፣ ባለቤታቸው በሚሠሩበት በነቀምቴ፣ ገና በሃያ ሁለት ዓመታቸው በወሊድ ችግር አረፉ። በስማቸው የታነጸው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1940ዎቹ ተከፈተ፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት። ነርስ የነበሩት ልዕልት ራሳቸው ፈጣን ዕርዳታ በሚያስፈልገው ሕመም መሞታቸው፣ ዕውቀት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ብቻ መሆኑ እንደማይበቃ ይነግረናል። በዙሪያችን ያለው ሰውም ማወቅ አለበት።

ምላስ፣ አገጭ፣ ደረት

ታላቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ጄምስ ኢላምና ፒተር ሳፋር የተባሉ ሁለት የማደንዘዣ ሐኪሞች በአሜሪካ አገር አንድ ቀላል ጥያቄ አነሡ። ራሱን የሳተ ሰው በጀርባው ሲተኛ ለምን ይታፈናል? መልሱን ለማግኘት ፈቃደኛ ሰዎች ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ተወግተው ትንፋሻቸውን ለሐኪሞቹ ሰጡ። የተገኘው ነገር ይህ ነው። ሰው ራሱን ሲስት ጡንቻው ሁሉ ይላላል፤ ምላሱም ወደ ኋላ ወርዶ የአየር መንገዱን ይዘጋል። ግንባሩን በአንድ እጅ ወደ ኋላ ጋደል፣ አገጩን በሁለት ጣት ወደ ላይ ቀና ሲያደርጉት መንገዱ ይከፈታል። ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሐኪም ያልሆነ ሰውም ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ በባልቲሞር ከተማ ኩዌንሆቨን፣ ጁድና ኒከርቦከር የተባሉ ሦስት ሰዎች፣ የቆመ ልብ ደረትን በእጅ በመጫን ብቻ ደም እንዲያዞር ማድረግ እንደሚቻል አሳወቁ።

በሥልጠናችን ላይ የተለማመድንባት አሻንጉሊትም የዚያው ዘመን ልጅ ናት። የሠራት አስሙንድ ላርዳል የተባለ የኖርዌይ አሻንጉሊት ሠሪ ነው፤ ገና ሕፃን የነበረ ልጁን ከውሃ ውስጥ አውጥቶ ያተረፈ አባት ነበር። ፊቷን የቀዳው በፓሪስ ወንዝ ሞታ ተገኘች ከምትባል፣ ስሟ ከማይታወቅ ወጣት ሴት የፊት ቅርጽ ነው። ይህን ስንሰማ ቤቱ ዝም አለ። ሳትታወቅ የሞተች የአንዲት ሴት ፊት ላይ ጎንበስ ብለን ሕይወት ማዳን እንማራለን። ሁላችንም በልባችን የራሳችንን እህት አሰብን።

እ.ኤ.አ. በ1974 በስኮትላንድ በግላስጎው ከተማ ቲስዴልና ጄኔት የተባሉ ሁለት ሐኪሞች፣ የሰውን ንቃት በሦስት ነገር የሚለካ መንገድ አወጡ። ዓይኑን ይከፍታል? ይናገራል? ይንቀሳቀሳል? ለሐኪሞች ቁጥር አለው። ለእኛ ግን በአራት ደረጃ አቅልለው አስተምረውናል። አንዱ ነቅቶ የሚያወራ ነው። ሁለተኛው ስንጠራው ብቻ የሚመልስ ነው። ሦስተኛው ስንጠራው ሳይሆን ስንቆነጥጠው ብቻ የሚንቀሳቀስ ነው። አራተኛው ለምንም የማይመልስ ነው። ለነርሷ "ስንጠራት አልመለሰችም፣ ስንቆነጥጣት ግን እጇን ሰበሰበች" ማለት ብንችል ኖሮ ትልቅ ነገር ነግረናት ነበር።

ዛሬ ድልድያችን ላይ ሰው ቢወድቅ

ይህ ሁሉ ታሪክ ተጠቅልሎ በጥቂት ደቂቃ ሥራ ውስጥ ይገባል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ አካባቢውን እናያለን። መኪና ይመጣል? የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ? ቤት ውስጥ ከሆነ የከሰል ምድጃ አለ? አደጋው ካለ እኛም ሁለተኛ ወዳቂ እንዳንሆን እንጠንቀቅ።

ሁለተኛ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረግን ጮክ ብለን እንጠራዋለን። አንነቀንቀውም፣ በጥፊ አንመታውም።

ሦስተኛ፣ ሰው እንጠራለን። "ሰው ጥሩ!" ብለን ለሕዝቡ በጅምላ አንጮህም፤ አንዱን በጣት ጠቁመን "አንተ ቢጫ ሹራብ የለበስከው፣ አምቡላንስ ጥራ" እንላለን። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና አደጋ ሥጋት በ939 ይገኛል። ጠብታ አምቡላንስን የመሳሰሉ የግል አገልግሎቶችም አሉ፤ መሥራቹ ነርስ ክብረት አበበ መኖሪያ ቤታቸውን ሸጠው ነው የጀመሩት። በአራዳ በኩል እሪ በከንቱ የሚባል ሰፈር አለን። ስሙ ጮሆ ሰሚ ያጣ ሰው ስም ነው። ዛሬ እሪታው በከንቱ እንዳይቀር ለማን እንደምንጮህ ማወቅ ይበቃል።

አራተኛ፣ ግንባሩን ወደ ኋላ፣ አገጩን ወደ ላይ አድርገን መንገዱን እንከፍታለን። ጆሯችንን ወደ አፉ፣ ዓይናችንን ወደ ደረቱ አድርገን እስከ ዐሥር እንቆጥራለን። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል? ድምፅ ይሰማል? ጉንጫችን ላይ አየር ይመጣል? እየቆየ የሚመጣ ማጣጣር ትንፋሽ አይደለም፤ አያታልለን።

አምስተኛ፣ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ እናስተኛዋለን። በእኛ በኩል ያለውን እጁን ወደ ጎን ዘርግተን፣ የሩቁን እጅ አምጥተን መዳፉን ከጉንጩ ሥር አድርገን፣ የሩቁን ጉልበት አጥፈን ወደ እኛ እንስበዋለን። እንዲህ ሲሆን ምላሱ አይዘጋውም፣ ትውከትም ቢመጣ ወደ ውጭ ይፈሳል። ነፍሰ ጡር ከሆነች በግራ ጎኗ ይመረጣል። አምቡላንስ እስኪመጣ ትንፋሹን ደጋግመን እናያለን። መኪና ገጭቶት ወይም ከከፍታ ወድቆ ከሆነ ግን አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ካልተገደድን አናንቀሳቅሰውም።

ስድስተኛ፣ የማይተነፍስ ከሆነ ወዲያው የደረቱን መካከል በሁለት እጅ መጫን እንጀምራለን። ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው። የሠለጠነ ሰው በየ30ው 2 ትንፋሽ ይሰጣል፤ ያልሠለጠነ ግን ሳያቋርጥ ይጫን።

ከዚህ ሌላ ለሰፈራችን ሦስት ማስጠንቀቂያ አለን። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ውሃም፣ ስኳርም፣ ጸበልም። መዋጥ የማይችል ሰው የሰጡትን ወደ ሳንባው ይስበዋል። የስኳር ሕመምተኛ ጣፋጭ የሚሰጠው ነቅቶ መዋጥ ሲችል ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ የሚጥል በሽታ የያዘውን ሰው አንይዘውም፣ ጥርሱ መካከልም ማንኪያ አንሰካም። ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርገን ሰዓት እናያለን። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ያስፈልጋል። በሽታው በአረፋ አይተላለፍም፤ መንካት አያስፈራም። ሦስተኛው፣ በክረምት ብርድ ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ቤት የሚተኛ ሰው፣ ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚባል ጋዝ ሊታፈን ይችላል። በር ስንከፍት መሬት ላይ የወደቁ ሰዎች ካገኘን፣ ትንፋሻችንን ይዘን በሩንና መስኮቱን እንከፍታለን፤ መጀመሪያ ወደ ውጭ አየር እናወጣቸዋለን።

"እማማ፣ ትንሽ ቆዩልን"

ከሥልጠናው በኋላ በማኅበራችን ያደረግነው ጥቂት ነው። የነርሷን ሦስት ጥያቄዎች በቁጠባ ደብተራችን የኋላ ሽፋን ላይ ጻፍናቸው፤ ሰዓቱ፣ መልሱ፣ ትንፋሹ። በየሦስት ወሩ ከስብሰባ በኋላ ሰሌን ዘርግተን አንዳችን ሌላችንን በጎን ማስተኛት እንለማመዳለን። መጀመሪያ ብዙ ተሳሳቅን፤ አሁን እጃችን ራሱ ያውቀዋል።

ባለፈው ዓመት አንድ ተሸካሚ ወጣት ከነጆንያው ድልድዩ አጠገብ ወድቆ ተንቀጠቀጠ። ከአባሎቻችን ሁለቱ በአጋጣሚ ነበሩ። አንዷ ነጠላዋን አጥፋ ከራሱ ሥር አደረገች፤ አንዷ ሰዓቷን አይታ ሰዉን ወደ ኋላ መለሰች። የዚያን ጊዜ አንዲት አሮጊት ክብሪት ይዘው መጡ። እኚህን እናት መገፍተር ነውር ነው፤ ዝም ማለትም አይቻልም። "እማማ፣ ትንሽ ቆዩልን። ትንፋሹን እያየን ነው። ይልቅ እጅዎን ትከሻው ላይ ያድርጉለትና በስሙ ይጥሩት" አልናቸው። ክብሪቱን ወደ መቀነታቸው መልሰው ቁጭ አሉ። መንቀጥቀጡ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ቆመ፤ በጎኑ አስተኛነው። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው የመሸከሚያ ገመዱን ነበር። እማማም "እዚሁ አለ ልጄ" ብለው ሰጡት።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንላለን፤ ማኅበራችንም የቆመው በዚህ ነው። ለወደቀ ሰው ግን ሥርዓት የሌለው ሃምሳ ሰው ራሱ ሸክም ይሆንበታል። ሥራውን ከተካፈልነው፣ አንዷ ትንፋሹን ካየች፣ አንዷ ከደወለች፣ አንዷ ሰዉን ከመለሰች፣ ያን ጊዜ ነው ጌጥ የሚሆነው።

ደጋፊዎቻችን ለሥልጠናው ላደረጋችሁት ድጋፍ እናመሰግናለን። የምንለምናችሁ ሥልጠናው እንዲደገም ነው፤ ሳይደጋግሙት የሚረሳ ዕውቀት ነውና። አባሎቻችን ደግሞ የደብተራችሁን የኋላ ሽፋን ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእህታችን ስም አለ። የኋላውን ሽፋን ያስተማረችን እሷ ናት።